የማይታተመው መስመርና የኅትመት ወጪ

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራው ሳቢያ የፒያሳና የአካባቢዋ በርካታ ሱቆች ሲፈርሱ፣ ነጋዴው የተለየው ከሱቁ ብቻ አልነበረም። «ፒያሳ» ወይም «ውቤ በረሃ» የሚል አድራሻ የታተመበት ቢዝነስ ካርድ፣ ደብዳቤ መጻፊያና የዋጋ ዝርዝርም በአንድ ቀን ውስጥ ዋጋ አጥቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አብዛኛው የኅትመት ወረቀትና ቀለም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ዛሬ አንድ ጥቅል ወረቀት ማበላሸት ቀድሞ እንደነበረው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ወረቀት የሚተርፈውም የሚባክነውም ግን በማተሚያው መኪና ላይ ብቻ አይደለም። ቀድሞ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ይወሰናል። መሣሪያው በእንግሊዝኛው ስሙ «ግሪድ» ይባላል፤ እኛ ፍርግርግ እንበለው።

ፍርግርጉ ምንድን ነው?

ፎቶሾፕም ሆነ ጊምፕ የተባሉት የምስል ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች በሥራው ላይ እኩል የተራራቁ የቁምና የአግድም መስመሮችን ያሳያሉ። መስመሮቹ ለዲዛይነሩ ዓይን ብቻ የሚታዩ ናቸው፤ አይታተሙም። ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና የድርጅት ምልክት በእነርሱ ልክ ይደረደራሉ።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎች ቀለም ከመበጥበጣቸው በፊት የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ይበሱና በማስመሪያ ያለ ቀለም ያሰምሩበታል። የሁለትና የሦስት ዓምድ መጻሕፍት ቀጥ ብለው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን የመሳሰሉ ድርጅቶች በእርሳስ ፊደል ሲሠሩ ደግሞ ዓምዱን የሚጠብቀው ብረቱ ራሱ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ፊደሉ ወዳሻው መንሸራተት ቻለ፤ ሥርዓት ማስያዙም ለዲዛይነሩ ተተወ።

ሒሳቡ እንዴት ነው?

ቁመቱ 50፣ ወርዱ 90 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ እንውሰድ። የመቁረጫው ምላጭ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ሊስት ስለሚችል፣ የጀርባው ቀለም በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ይሠራል። የሥራው ልክ 96 በ56 ሆነ ማለት ነው። በኤ4 ወረቀት፣ ማለትም በ210 በ297 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ሁለት ወደ ጎን (192) እና አምስት ወደ ታች (280) ይገባል፤ በድምሩ 10 ካርድ። ለሺህ ካርድ 100 ወረቀት ይበቃል።

ዲዛይነሩ ልኩን በግምት 92 በ56 ቢያደርገውስ? ከነትርፉ 98 በ62 ይሆናል። ወደ ጎን ሁለቱ ይገባሉ፤ ወደ ታች ግን አምስቱ 310 ሚሊ ሜትር ስለሚፈልጉ አራት ብቻ ይይዛል። በአንድ ወረቀት 8፣ ለሺህ ካርድ 125 ወረቀት። የሙከራና የብልሽት ወረቀት ሳይቆጠር፣ በዓይን የማይለይ የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት የወረቀቱን ወጪ በ25 በመቶ ከፍ አደረገው። ወጪው በደንበኛው ሒሳብ ላይ ቢያርፍ ሊደንቀን አይገባም።

በ90 በ50 ካርድ ላይ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ፍርግርግ ቢዘረጋ 18 በ10 ሣጥን ይወጣል። ዳር ዳሩን የከበበው አንድ ረድፍ ባዶ ይተዋል፤ ስልክ ቁጥርና ስም በውስጠኛው 16 በ8 ሣጥን ይሰፍራሉ። ምላጩ ቢስት እንኳ ቁጥሩን አይነካውም። ፊደላችን እንደ እንግሊዝኛው ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው በአንድ የፊደል መጠን ቢጻፉም እኩል ላይታዩ ይችላሉ። ሁለቱን በሣጥን ቁመት ማመዛዘን ይቀላል።

እንዴት ይዘረጋል?

በፎቶሾፕ «ቪው» ከሚለው ሥር «ሾው»፣ ቀጥሎ «ግሪድ» ይመረጣል። ርቀቱ «ፕሪፈረንስ» ውስጥ በሚሊ ሜትር ይሞላል። ፍርግርጉ ከሥራው ጥግ ስለሚጀምር፣ ሁለቱ ማስመሪያዎች የሚገናኙበትን ነጥብ ጎትቶ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥና ወደ ታች ማስገባት ያስፈልጋል። በነፃ በሚገኘው ጊምፕ ደግሞ «ኢሜጅ» ሥር «ኮንፊገር ግሪድ» ውስጥ ርቀቱ 5፣ መነሻው 3 ተብሎ ይጻፋል። በሁለቱም «ስናፕ» የሚባለው ትእዛዝ ሲበራ ጽሑፉ ራሱ ወደ መስመሩ ይሳባል።

ለዋጋ ዝርዝር የሚሻለው ዓምድ ነው። ኤ4 ላይ ግራና ቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ቢተው 180 ይቀራል። በሦስቱ ዓምዶች መካከል 6፣ 6 ሚሊ ሜትር ሲተው እያንዳንዱ ዓምድ 56 ይደርሰዋል። ፎቶሾፕ «ኒው ጋይድ ሌይአውት» በሚለው ትእዛዝ ይህን ቁጥር ተቀብሎ መስመሩን ራሱ ያሰምራል።

ደንበኛው ምን ይጠይቅ?

አንደኛ፣ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት በአንድ ወረቀት ስንት ካርድ እንደሚገባ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ሥራውን ፍርግርጉ እንደበራ በኮምፒውተሩ ላይ ይመልከት። ሦስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ የጄፔግ ምስል ብቻ ይዞ አይሂድ፤ ዋናውን ፋይል ይረከብ። ጽሑፉ በየንጣፉ ተለይቶ፣ መሪ መስመሮቹም አብረው የሚቀመጡት በዋናው ፋይል ውስጥ ነው። አድራሻው ዳግም ቢለወጥ አንድ መስመር ማረም እንጂ ሥራውን እንደ አዲስ ማሠራት አያስፈልገውም።

ልብስ ሰፊዎቻችን «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። በማተሚያ ቤትም ምላጩ ከወረደ በኋላ የሚታረም ሚሊ ሜትር የለም።