የአባት ቮልስዋገንና የባዕድ ኮፈን

በአዲስ አበባ ከአባት ለልጅ የተላለፈች ቮልስዋገን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ወራሹ ዝገት የበላውን አካሏን ሊለውጥ ሲነሣ ግን፥ ቮልስዋገን ሁሉ አንድ ነው ብሎ እንዳይታለል ያስፈልጋል። ፋብሪካው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 1967 ዓ.ም. የ1968ን ሞዴል ሲያወጣ፥ መከላከያውን ከፍ፥ የፊቱን ኮፈንና የኋላውን የሞተር ክዳን አጠር፥ የፊት መብራቱንም ቀጥ አድርጎታል። ስለዚህ የ1968ቱ ኮፈን በ1965ቱ ላይ ቢገጠም ከታች ክፍተት ይተዋል። ፓራፋንጎው በብሎን ስለሚታሰር ይገጥም ይሆናል፤ ነገር ግን የመኪናዪቱን መልክ ይለውጣል፥ የመከላከያው ማሰሪያ ማለፊያም አይገናኝም።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት፥ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር አንብቦ የተሠራችበትን ዓመት ማረጋገጥ ይበጃል። አሮጌውም ኮፈን ቶሎ አይጣል፤ የተጣመመ ቆርቆሮ ይቃናል፥ የተጣለ ግን አይመለስም።