በወሎ በአንድ ግቢ ውስጥ ስለሚኖሩ ልዩ ልዩ እምነቶች

ወሎ በሚባለው አገር፥ በተለይም ዛሬ ደቡብ ወሎ ዞን በተባለው ክፍል፥ አንድ አባት ከወለዳቸው ልጆች አንዱ ክርስቲያን ሌላው ሙስሊም ሆነው በአንድ ግቢ መኖራቸው እንደ እንግዳ ነገር አይቈጠርም። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዚህ ዞን ከመቶው 70 ያህሉ ሙስሊም፥ የቀረውም ከጥቂቱ በስተቀር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ መሆኑን ይገልጻል። ነገር ግን ቈጣሪው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ አቅርቦ አንድ መልስ ጽፎ ይሄዳል። መልሱ ሰውየው ከየትኛው ጉባኤ እንደሚቈጠር ያስታውቃል እንጂ፥ በጭንቅ ጊዜ ማንን እንደሚጠራ፥ ለማን እንደሚሳል፥ የማንን ምርቃት እንደሚሻ አያስታውቅም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በወሎ ከሌላው አገር ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ስለ ወሎ የተናገሩና የጻፉ ብዙ ሰዎች ይህን አኗኗር ሲመለከቱ ከሁለት አንዱን ይላሉ። አንዳንዶቹ ሁለቱ ሃይማኖቶች ተቀላቅለው ሦስተኛ ነገር ወጥቷቸዋል ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሕዝቡ በሃይማኖቱ ስላልጸና ነው ይላሉ። ሁለቱም አስተያየት ጓዳ ሳይገቡ ከደጅ ቆመው የተናገሩት ይመስላል። ወሰኑ አለ፤ እጅግም የጠበቀ ነው። ይሁን እንጂ ወሰኑ የተተከለው በቢላዋው ላይ ስለ ሆነ፥ የሰው ልብ ከምርመራ ነጻ ሆኖ ቆይቷል።

ይህም እንደሚከተለው ነው። ክርስቲያኑ ከብት ሲያርድ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ባርኮ ያርዳል፤ ሙስሊሙም የአላህን ስም ጠርቶ ያርዳል። በሬው ያደገበት መስክ አንድ፥ የጠበቀውም እረኛ አንድ ሆኖ ሳለ፥ ቢላዋው አንገቱን ከነካበት ሰዓት ጀምሮ ሥጋው «የክርስቲያን ሥጋ» ወይም «የእስላም ሥጋ» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ወንድም ከወንድሙ ገበታ ሥጋ አይቀምስም። ሠርግ ወይም ሌላ ድግስ ሲሆን ደጋሹ ይህን አስቀድሞ ያስባል። ደጋሹ ክርስቲያን እንደ ሆነ ለሙስሊም ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ከብቱን በነፍሱ ያስረክባል፤ እነርሱም በራሳቸው እጅ አርደው፥ በራሳቸው ድስት ሠርተው፥ በአንዱ ዳስ ጥግ ለብቻቸው ይመገባሉ። ደጋሹ ሙስሊም ቢሆንም ሥርዓቱ ያው ነው። ሥጋ የነካውን ድስት እንኳ ለይቶ ማስቀመጥ የባለሙያ ሴት ጥንቃቄ ነው። ሽሮው፥ ምስሩ፥ ጎመኑና እንጀራው ግን ወሰን የላቸውም። ስለዚህ የክርስቲያኖቹ የጾም ምግብ፥ ጾም ባልሆነበት ቀን እንኳ፥ ሁለቱን ወገኖች በአንድ መሶብ ዙሪያ የሚሰበስብ ምግብ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። በቁርኣን፥ በሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ፥ መጽሐፍ የተሰጣቸው ሰዎች ምግብ ለሙስሊሞች የተፈቀደ መሆኑ ተነግሯል። በክርስቲያኑም በኩል ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በገበያ የሚሸጠውን ሥጋ ሳይመረምሩ መብላትን ይፈቅዳል። እንግዲህ ልማዱ ከሁለቱም መጻሕፍት ይልቅ የጠበቀ ነው ማለት ነው። ሊቃውንቱ በየበኩላቸው የሚሰጡት ማብራሪያ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጥብቅነቱ የመጣው ከኑሮው ሳይሆን አይቀርም። ቋንቋው፥ አለባበሱ፥ እርሻው፥ ገበያው፥ አልፎ አልፎም ጋብቻው አንድ በሆነበት አገር፥ ማን ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ የሚለይ አንድ ምልክት ያስፈልጋል። ምልክቱም ለሁሉ የሚታይ፥ ልብን ሳይመረምሩ የሚያውቁት መሆን አለበት። ክርስቲያኑ በአንገቱ የሚያስረው ማተብ አንዱ እንዲህ ያለ ምልክት ነው፤ ሥጋው ግን ከማተብ ይበልጣል፤ ማተብ ይበጠሳል፥ ይደበቃል፤ ማዕድ ግን ሰው ፊት ነው።

የምግብ ሁሉ ወሰን በአንድ ቦታ ጸንቶ የሚኖር አለመሆኑን ቡና ያስረዳል። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ብዙ ካህናት ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው ያወግዙ ነበር። ዛሬ በክርስቲያን ቤት ቡና ሦስት ጊዜ ተፈልቶ የመጨረሻው «በረካ» ሲባል፥ ቃሉ ከዓረብኛ የመጣና በረከት ማለት መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ቡናው ተሻገረ፤ ሥጋው ቀረ።

ስለ ስምም ጥቂት መናገር ይበቃል። በወሎ ልጁ የክርስቲያን፥ አባቱ የሙስሊም ስም ያላቸው፥ ወይም ተገላቢጦሹ፥ ብዙ ናቸው። ገብረ ሥላሴ መሐመድ ወይም አሕመድ ተስፋዬ የመሰለ ስም ሰምቶ የሚደነቅ የአገሩ ሰው የለም። የአያት ስም ሲጨመርበት አንዳንድ ጊዜ ሃይማኖቱ በሦስት ትውልድ ሁለት ጊዜ እንደ ተለወጠ ይነበባል።

ልብን አለመጠየቅ እንዴት ልማድ ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ታሪኩን ማስታወስ ግድ ነው። በ1870 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፥ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፥ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው ስለ ክርስቶስ ልደት በክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ረጅም ዘመን የቆየውን ክርክር በተዋሕዶ ወገን ድል ፈጸመ፤ የሦስት ልደት ባህል ወገኖችም ተረቱ። ከዚህ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከመሳፍንቱ ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ሲጠመቁ ዐፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆኗቸው፤ ሌላው ኢማም፥ አባ ዋጠው፥ ኃይለ ማርያም ሲባሉ አበ ልጅነቱ የምኒልክ ሆነ። ሼኽ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ግን ትእዛዙን አንቀበልም ካሉት ጋር ሆነው ተዋጉ፤ እኒህ ሼኽ በዓረብ ፊደል በአማርኛ የጻፏቸው መንዙማዎችም ይታወቃሉ። ከተራው ሕዝብ የተሰደደ አለ፥ የተዋጋ አለ፥ የተጠመቀም አለ። ከተጠመቁት መካከል ብዙዎቹ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ናቸው ይባል ነበር። በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ ከወደቁ በኋላ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ቀድሞው ሃይማኖቱ ተመለሰ፤ አንዳንዱም በጥምቀቱ ጸንቶ ቀረ። ታሪክ ጸሐፊው ሁሴን አሕመድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ባሳተሙት የ19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና ታሪክ ይህን ዘመን ለሚመረምር ሁሉ አስፈላጊ መጽሐፍ አበርክተዋል።

በዚያ ዘመን አንድ ሰው ወንድሙ በልቡ ምን እንደሚያምን ቢጠይቅ፥ ጥያቄው ራሱ አደጋ ነበር። የተናገረ ወንድሙን ያስይዛል፤ የሰማም ምስክር ይሆናል። ስለዚህ አለመጠየቅ የዘመድ ግዴታ፥ አለመጠየቁም እንደ መልካም አስተዳደግ የሚቈጠር ሆነ ቢባል ከእውነት የሚርቅ አይመስልም። ይኸው ነገር በአዲስ አበባ ሌላ መልክ ያዘ። በቦሩ ሜዳ የተጠመቁት ሚካኤል በኋላ ራስ፥ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ሆኑ፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ግን ወደ እስልምና አዘንብለዋል ተብለው ከተከሰሱ በኋላ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ከሙስሊም ዘመድ ጋር መዋል፥ እንደ እነርሱ መልበስ፥ መስጊድ መጎብኘት በወሎ ሰው ዘንድ የዝምድና ጉዳይ ሲሆን፥ በመኳንንቱ ጉባኤ ፊት የመንግሥት ወንጀል ሆኖ ተቈጠረ። ልጅ ኢያሱ በልባቸው ምን ያምኑ እንደ ነበር ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በወሎ ልማድ ሲታይ ግን ጥያቄው ከመጀመሪያው መነሣት አልነበረበትም።

ልብ ሳይጠየቅ ሲኖር በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ዓይነት እምነት ይበቅላል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው «ወዳጃ» የተባለው የጸሎት ስብሰባ ነው። ሰው ሲታመም፥ ዝናብ ሲዘገይ ወይም መንገደኛ ሲነሣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል፥ ዕጣን ይጨሳል፥ ጫት ይቀርባል። ዱዓ የሚያደርሰው ሽማግሌ ሲመርቅ ተሰብሳቢው «አሚን» ይላል። አረጋውያት ሴቶችም «ዱበርቲ» ተብለው የራሳቸው የዱዓ ጉባኤ አላቸው። ክርስቲያን ጎረቤት በወዳጃው ላይ ጫቱን ባይነካም ምርቃቱን ይቀበላል፤ እርሱ የሚለው «አሜን» ከሌሎቹ «አሚን» የሚለየው በአንድ ፊደል ነው። እንዲሁም በጥሩ ሲና ያለው የሼኽ መካን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጎበኘውና ሙግቱን የሚያቀርብበት ቦታ መሆኑ በዘመናችን ተመራማሪዎች ተጽፏል።

ይሁን እንጂ በወዳጃ ላይ አብረው የተቀመጡ ሰዎች አንድ ነገር ያምናሉ ማለት አይደለም። አንዱ ለጎረቤቱ ክብር ሲል የተገኘ ነው፤ ዱዓው ይሠራል ብሎ አያስብም፥ ቢቀር ግን ነውር መሆኑን ያውቃል። ሌላው ፈጣሪ አንድ ስለ ሆነ በማንም አፍ ቢለመን ይሰማል ብሎ ያምናል። ሦስተኛዋ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም የምትወጣ፥ በየወሩም በ12 ሚካኤልን የምትዘክር ሴት ናት፤ ለእርሷ ሼኹ የሚያማልድ ጻድቅ እንጂ የሌላ ሃይማኖት አለቃ አይደሉም፤ ጻድቅን የምታውቀው ከስለቷ መድረስ ነው። አሮጊቲቱ አያት ደግሞ ከሁሉም በፊት የቤቱን አድባር ታስባለች፤ የቡናውን ቍርስ ለአድባሩ ሳትበትን አቦሉን አትቀምስም። ከወጣቶቹም መካከል ምንም የማያምን፥ ይህንንም ለማንም የማይናገር ሊኖር ይችላል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል «ቅይጥ እምነት» ብሎ መጥራት የሰውን ልዩነት መሸፈን ነው፤ የተቀላቀለው ስብሰባው እንጂ እምነቱ አይደለምና።

በቅርብ አሥርት ዓመታት ይህ ልማድ ከሁለት በኩል ፈተና አግኝቶታል። በእስልምናው በኩል፥ በዓረብ አገር የተማሩ መምህራንና ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደው የተመለሱ ሰዎች ያመጡት ትምህርት ወዳጃን፥ የመውሊድ በዓልንና የወልይ መካን መጎብኘትን ከሃይማኖቱ ውጭ የተጨመረ ነገር ነው ብሎ ይነቅፋል። ሼኽ መሐመድ ሻፊ የመሠረቱት፥ በመውሊድ በዓሉ የታወቀው ጀማ ንጉሥም ከዚህ ነቀፋ አልዳነም። በቤተ ክርስቲያንም በኩል ሰባክያን ወዳጃ መቀመጥንና ለአድባር ቍርስ መበተንን ባዕድ አምልኮ ይሉታል። ሁለቱም ወገኖች በመጽሐፋቸው መሠረት ሲናገሩ ምክንያት አላቸው፤ እምነትንም እንደ ቀላል ነገር አለማየታቸው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የሚጠይቁት ጥያቄ አዲስ ነው። ቀድሞ «ያረደው ማን ነው?» ይባል ነበር፤ አሁን «አሚን ስትይ ምን አስበሽ ነው?» ይባላል። ይህን ለመመለስ አሮጊቲቱ የተዘጋጀች አይደለችም፤ ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቋት አያውቅምና። ወሰኑም ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ ልብ ሲዛወር፥ ዱሮ በአንድ ዳስ ሁለት ጥግ ይዘው ይመገቡ የነበሩ ዘመዳሞች አንዳንዶቹ ከነዳሱ መቅረት ጀምረዋል።

እስካሁን ከፈተናው በደኅና የቆየው ቅሬ ነው። ቅሬ እንደ ሸዋው ዕድር ለኀዘን የሚቋቋም የጎረቤት ማኅበር ሲሆን፥ በብዙ መንደር ሁለቱም ወገኖች በአንድ መዝገብ ይጻፉበታል። ሰው ሲሞት አባላቱ በአንድነት እንጨትና ውሃ ያቀርባሉ፥ ለቀስተኛውን ያስተናግዳሉ። የሞተው ክርስቲያን እንደ ሆነ ሙስሊሞቹ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሸኝተው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ሙስሊም እንደ ሆነ ክርስቲያኖቹ እስከ መቃብሩ ይከተላሉ፥ ሶላተ ጀናዛው ሲሰገድ ፈንጠር ብለው ይቆማሉ። በአንድ ግቢ የኖሩት ወንድማማቾች የሚቀበሩት በሁለት ስፍራ ነው። በክርስቲያኑ ተዝካር ወይም በሙስሊሙ ሰደቃ ቀንም የቅሬው ሰዎች ከብቶቹን ለሁለት ከፍለው ያስረክባሉ፤ ለየወገኑ አራጅም አስቀድሞ ይነገረዋል።