የሰርቨር ማዋቀሪያ ስክሪፕት መሐል ላይ ሲቋረጥ፦ ምርጫው በድጋሚ ከመጫኑ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ተቋማት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና አነስተኛ ድርጅቶች የራሳቸውን ሰርቨር ሲተክሉ ሥራውን ከባዶ የሚጀምሩት ጥቂቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያቀልላቸው በሼል የተጻፈ ዝግጁ ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱ ሲከፈት «1. ሲስተሙን ማደስ፣ 2. ዌብ ሰርቨር መጫን፣ 3. ዳታቤዝ ማዘጋጀት፣ 4. ፋየርዎል ማብራት፣ 5. መውጫ» የሚል ዓይነት ምናሌ ያቀርባል፤ ባለሙያው ቁጥር ይጽፋል፣ የቀረውን ማሽኑ ያከናውናል። አሠራሩ ጊዜ ቆጣቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ በርካታ ትዕዛዞች ስላሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲከሽፍ ሰርቨሩ በከፊል ብቻ የተዋቀረ ሆኖ ይቀራል። ይህ ማብራሪያ በኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለ ችግር ለሚያጋጥማቸው ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው።

ችግር ሲፈጠር አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያደርገው ያንኑ ቁጥር ደግሞ መጫን ነው። ከመጀመሪያው ስህተት ይልቅ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለአብነት የተማሪዎችን ውጤት የሚመዘግብ ሰርቨር የሚያዋቅር ትምህርት ቤት ሊጠቀስ ይችላል። ሦስተኛው ምርጫ አዲስ የይለፍ ቃል ያመነጫል፤ በዚያ ቃል የዳታቤዝ ተጠቃሚ ይፈጥራል፤ ከዚያም ቃሉን በፕሮግራሙ የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ይጽፋል። ከዚህ በኋላ ያለው ደረጃ በኔትወርክ መቋረጥ ምክንያት ከሽፎ ምርጫው በድጋሚ ቢጫን፣ ስክሪፕቱ ሌላ የይለፍ ቃል ያመነጫል። ዳታቤዙ ግን «ተጠቃሚው አስቀድሞ አለ» በማለት የቀድሞውን ቃል እንደያዘ ይቆያል፤ በፋይሉ ላይ የሚጻፈው ደግሞ አዲሱ ነው። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙና ዳታቤዙ አይግባቡም፤ የሚያገናኛቸው የመጀመሪያው ቃልም ከፋይሉ ላይ ተሰርዟል። ስክሪፕቱ «ካለ አጥፋና አዲስ ፍጠር» የሚል ትዕዛዝ የያዘ እንደሆነ ደግሞ በመካከሉ የገባው የተማሪ መዝገብ በሙሉ ይጠፋል፤ መጠባበቂያ ቅጂ ካልተወሰደ በስተቀር የሚመለስበት መንገድ የለም።

በመሆኑም ከድጋሚ ሙከራ በፊት ስክሪፕቱን ከፍቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ስክሪፕት ማንኛውም የጽሑፍ አርታኢ የሚከፍተው ተራ ፋይል ነው። የምናሌው ምርጫዎች አብዛኛውን ጊዜ «ኬዝ» በሚል ቃል ተጀምረው «ኢሳክ» በሚል ቃል ይዘጋሉ፤ ኢሳክ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ኬዝ ወደ ኋላ የተነበበ ነው። በሁለቱ መካከል ከተፈለገው ቁጥር አጠገብ ያሉትን መስመሮች በመመልከት ምርጫው ምን እንደሚፈጥር፣ ምን እንደሚሰርዝና ምን እንደሚጽፍ መረዳት ይቻላል። የሚሰርዝ ትዕዛዝ ከተገኘ በቅድሚያ የዳታቤዙና የማዋቀሪያ ፋይሎቹ ቅጂ በሌላ ማከማቻ ሊቀመጥ ይገባል።

ስክሪፕቱ የማይነሳ ወይም ምርጫ የማይቀበል ከሆነ

ፋይሉ በዓይን እየታየ ሲስተሙ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል መልስ ከሰጠ፣ ስክሪፕቱ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ እንደተቀመጠ መጠርጠር ተገቢ ነው። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የሚጨምረው የማይታይ ምልክት ሊኑክስን ያደናግረዋል፤ ምልክቱን የሚያስወግድ አነስተኛ ፕሮግራም በኡቡንቱ ማከማቻ ይገኛል። ሌላው ምክንያት ለባሽ የተጻፈን ስክሪፕት በሌላ ሼል ማስነሳት ነው። ኡቡንቱ ከ2006 ጀምሮ «ኤስኤች» በሚለው ስም የሚያስነሳው ባሽን ሳይሆን ዳሽ የተባለውን ቀላል ሼል ነው፤ ዳሽ ደግሞ ምናሌ ለመሥራት የሚያገለግለውን የባሽ «ሴሌክት» ትዕዛዝ አያውቀውም። ስክሪፕቱን በባሽ ስም ማስነሳት ይህን ይፈታል።

ምናሌው ታይቶ ለተጻፈው መልስ ሁሉ «የተሳሳተ ምርጫ» የሚል ከሆነ በቅድሚያ ኪቦርዱ ይታይ። የአማርኛ መጻፊያው እንደበራ ከሆነ ማረጋገጫ የሚጠይቀው ስክሪፕት የላቲኑን «ዋይ» እየጠበቀ «ይ» ይደርሰዋል። ምናሌው ሳይጠይቅ በፍጥነት እየተደጋገመ የሚወርድ ከሆነ ግን ስክሪፕቱ ከኢንተርኔት በቀጥታ ወደ ሼል እንዲፈስ ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ምናሌው መልስ የሚያነበው ከኪቦርዱ ሳይሆን ከራሱ ከስክሪፕቱ ጽሑፍ ነው። ስክሪፕቱን በፋይልነት አውርዶ፣ አንብቦና ከዚያ ማስነሳት ለዚህም ሆነ ለደኅንነት የሚመከር ነው።

ሥራው ተጀምሮ የሚቆም ከሆነ

የመብራት መቋረጥ ፕሮግራም እየተጫነ ባለበት ሰዓት ካጋጠመ፣ ቀጣዩ ሙከራ የቀደመው ጭነት እንዳልተጠናቀቀ ይገልጻል። መልእክቱ ራሱ መጻፍ ያለበትን ትዕዛዝ ስለሚናገር ረጋ ብሎ ማንበብ ብቻ ይበቃል። ሰርቨሩ ገና እንደበራ «ሌላ ሂደት ቁልፉን ይዞታል» የሚል መልስ ከተሰጠ ደግሞ ኡቡንቱ በራሱ የደኅንነት ማሻሻያ እየጫነ ሊሆን ስለሚችል መጠበቅ ይገባል። የቁልፍ ፋይሉን መሰረዝ አቋራጭ ቢመስልም የፕሮግራሞቹን መዝገብ ሊያበላሽ ይችላል። ሰርቨሩ ርቆ የሚገኝና ግንኙነቱ በሞባይል ኢንተርኔት የሚካሄድ ከሆነ ስክሪፕቱን «ስክሪን» ወይም «ቲመክስ» በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ማስነሳት ይጠቅማል፤ መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል።

እምብዛም የማይጠረጠረው የሰዓትና የቀን ስህተት ነው። የእናት ቦርዱ ባትሪ ያለቀ ኮምፒውተር መብራት ሲመለስ በተሳሳተ ቀን ሊነሳ ይችላል። ቀኑ በእጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሞላ ሰርቨሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3 ተብሎ ከተሞላም በ6 ሰዓት ይዘገያል። በሁለቱም ሁኔታ የማከማቻው ፋይሎች ወይም የድረ ገጽ የምስክር ወረቀቶች «ገና ጊዜያቸው ያልደረሰ» ተደርገው ሊቆጠሩና ጭነቱ ሊቆም ይችላል። ሰርቨሩ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠርና በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል መሞላት አለበት።

«ተጠናቋል» የሚለው መልእክት

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ስክሪፕቱ ምንም ስህተት ሳያሳይ «ተጠናቋል» ያለበት ሁኔታ ነው። ማንኛውም ትዕዛዝ ሲያበቃ ለሼሉ ቁጥር ይመልሳል፤ 0 ስኬትን፣ ከ1 እስከ 255 ያለው ውድቀትን ያመለክታል። ሼሉ ግን ካልታዘዘ በስተቀር ቁጥሩን አይቶ አይቆምም፤ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል፤ በመጨረሻም ጸሐፊው ያስቀመጠውን የምሥራች ያትማል። ውጤቱን ወደ መዝገብ ፋይል በቧንቧ የሚያስተላልፍ ስክሪፕት ደግሞ የበለጠ ያሳስታል፤ ሼሉ በተለመደው አሠራሩ የሚይዘው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ቁጥር በመሆኑ፣ ጭነቱ ከሽፎ መዝገቡ ግን ስለተጻፈ ብቻ 0 ይመዘገባል።

ስለሆነም መልእክቱን ሳይሆን ውጤቱን መፈተሽ ያስፈልጋል፦ አገልግሎቱ እየሠራ ነውን? ፖርቱ ክፍት ነውን? ገጹ ከሌላ ኮምፒውተር ይከፈታልን? የዲስኩ ቦታስ አልሞላምን? የከሸፈውን መስመር ለማግኘት «ባሽ» ከሚለው ቃል በኋላ «ሰረዝ ኤክስ» ጨምሮ ስክሪፕቱን ማስነሳት ይቻላል፤ ሼሉ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከመፈጸሙ በፊት ያሳያል። ይህም ቢሆን ትዕዛዞቹን በእርግጥ የሚፈጽም ስለሆነ ቅጂ ከመወሰዱ በፊት አይሞከርም። «ሰረዝ ኤን» ግን ምንም ሳይፈጽም የአጻጻፍ ስህተትን ብቻ ይመረምራል።

የፋየርዎሉ ምርጫ ለብቻው ይታያል። የርቀት መግቢያው፣ ማለትም በተለምዶ 22ኛው ፖርት፣ ሳይፈቀድ ፋየርዎሉ ከበራ ባለሙያው ከገዛ ሰርቨሩ ውጭ ይቀራል። የተከፈተውን መስኮት ሳይዘጉ በሁለተኛ መስኮት መግባት መቻሉን ማረጋገጥ ወደ ሰርቨሩ ክፍል የሚደረግን ጉዞ ያስቀራል።

የሌላ ባለሙያ እገዛ ሲጠየቅ የስክሪፕቱ ፋይል፣ የኡቡንቱው ስሪት፣ የተመረጠው ቁጥርና የስህተቱ መልእክት ቃል በቃል ተያይዞ ይቀርባል። የመጨረሻው መስመር ብቻውን አይበቃም፤ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ በላይ ባሉት መስመሮች ይገኛል። በ«ሰረዝ ኤክስ» የተገኘ መዝገብ የይለፍ ቃሎችን በግልጽ ሊያሳይ ስለሚችል ከመላኩ በፊት ተነቦ ቃሎቹ መሰረዝ አለባቸው፤ ሳይሰረዙ ከተላኩም በሰርቨሩ ላይ ወዲያውኑ ይቀየራሉ።