ሃርድ ዲስክ ሳይነካ ከሲዲ የሚነሳ ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ሲከፈት አስቀድሞ የሚፈልገው ስርዓተ ክወናውን ነው። ፋይል የሚከፍተው፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን የሚያዝዘው እሱ ነው፤ በአብዛኛው መኖሪያው ሃርድ ዲስክ ነው። ላይቭ ሲዲ የሚባለው ግን ይህን ሁሉ፣ ከነመጻፊያ ፕሮግራሙና ከነብራውዘሩ፣ በአንድ ሲዲ ጠቅልሎ ይዟል። ሲዲው ገብቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሙሉ ዴስክቶፕ ይመጣል። ሃርድ ዲስኩ ቢበላሽ፣ ጨርሶ ተፈትቶ ቢወጣም ሥራው አይቆምም። ሲዲው ሲወጣ ደግሞ የቀድሞው ዊንዶውስ እንደነበረ ይገኛል።

ማሽኑ እንደተከፈተ መጀመሪያ የሚነቃው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነው። ባዮስ ከየት ማስነሳት እንዳለበት የሚያውቀው በተሰጠው ቅደም ተከተል ነው፤ ሲዲው ከሃርድ ዲስኩ እንዲቀድም ከተስተካከለ ከሲዲው ያስነሳል። ይህን የሚያስችለውን ደንብ ፊኒክስና አይቢኤም የተባሉት ኩባንያዎች በ1995 እ.ኤ.አ. አወጡት። ስሙ ኤል ቶሪቶ ነው፤ ሐሳቡ የተጠነሰሰበት የካሊፎርኒያ ምግብ ቤት ስም እንደሆነ ይነገራል።

ከባዱ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በፋብሪካ በታተመ ሲዲ ላይ መረጃው ከመሃል ወደ ጠርዝ እየዞረ በሚሄድ፣ ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር በሚያልፍ አንድ መስመር ላይ በጥቃቅን ጉድጓዶች ተቀርጿል። የላስታ ድንጋይ ጠራቢ አንዴ የፈለጠውን መልሶ እንደማይለጥፈው ሁሉ፣ እዚህም የተቀረጸው አይፋቅም፣ አይታከልበትም። ስርዓተ ክወና ግን ሳይጽፍ አንድ ደቂቃ አይውልም፤ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፣ የተቀየረ ቅንብር ይመዘግባል። መውጫው ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚጸዳው ጊዜያዊ ማኅደር፣ ራም ነው። ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉን በላስቲክ ሸፍኖ በላስቲኩ ላይ ቢጽፍ፣ ለሚያየው ጽሑፉ የገጹ ይመስላል፤ መጽሐፉ ግን አልተነካም። ላይቭ ሲዲም እንዲሁ ነው። ለውጡ ሁሉ ራም ላይ ይጻፋል፤ ፋይል ሲፈለግ መጀመሪያ ራሙ ይታያል፣ እዚያ ከሌለ ከሲዲው ይነበባል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ላስቲኩ ተገፍፎ ይጣላል።

ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ያህል ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሞቹ ተጨምቀው ይቀመጣሉ፤ ሲፈለጉ ብቻ ይፈታሉ። በዚህ ዘዴ 2 ጊጋባይት የሚሆን ሶፍትዌር በአንድ ሲዲ ሊገባ ይችላል። ዋጋው ግን በፍጥነት ይከፈላል። የሲዲ መነሻ ፍጥነት በሰከንድ 150 ኪሎባይት ነው፤ 52 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ማንበቢያ ቢበዛ 7.8 ሜጋባይት ያነብባል፣ ያውም ወደ ጠርዙ ሲደርስ። ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው በዘለለ ቁጥር ደግሞ ይዘገያል። አንድ ፕሮግራም ሲከፈት የሚሰማው ጉርርታም ከዚሁ የመጣ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣውን ይግድራሲልን ይጨምራሉ፤ የተሠራበት ስርዓተ ክወና ሊኑክስ ራሱ ገና የአንድ ዓመት ልጅ ነበር። ነገሩን ተወዳጅ ያደረገው ግን በ2000 የጀመረው የጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ሥራ፣ ክኖፒክስ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የደቡብ አፍሪካው ማርክ ሻትልወርዝ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ አስጀመረ። ድርጅቱ ካኖኒካል እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር። ይህ ለኢትዮጵያ ቀላል ነገር አልነበረም። በ56 ኪሎቢት የስልክ መስመር 700 ሜጋባይት ለማውረድ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥ 28 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ያንን የስልክ መስመር የሚያስታውስ ሰው «ሳይቆረጥ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ፖስታ ሣጥን ቁጥር ላለው ሰው ሲዲውን መጠበቅ ይሻል ነበር።

አማርኛም ወደዚህ ዓለም የገባው በዚያው ዘመን ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ተካተተ። ከዚያ በፊት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን፣ በላቲን ፊደል ተጽፎ ግዕዝ የሚወጣበትን ዘዴ ቀርጸው ነበር፤ ሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ እስካሁን ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ነው። ግኖም በተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ያለው የአማርኛ ትርጉም የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሥራ ነው። በ2010 ግድም በወጡት የኡቡንቱ ሲዲዎች የቋንቋ ዝርዝር ላይ አማርኛ በላቲን ፊደል ተራ አናት ላይ ነበር። ትርጉሙ ሙሉ ስላልነበረ ግን ግማሹ ሜኑ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። ያም ቢሆን ምንም ሳይጫን ስክሪን ላይ «ሰላም» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር።

እንደ ላሊበላ ባለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠ፣ በጋሸና በኩል ተዙሮ በሚደረስበት ከተማ የሲዲው ባሕርይ ትርጉም አለው። መብራት ድንገት ሲሄድ ሃርድ ዲስክ ላይ እየጻፈ የነበረ ዊንዶውስ ሊበላሽና በማግስቱ አልነሳ ሊል ይችላል። ሲዲው ላይ ግን የሚበላሽ ነገር የለም፤ የሚጠፋው ራም ላይ ብቻ የነበረው ሥራ ነው። በ2014 ዓ.ም ጦርነት ላሊበላ ኤሌክትሪክ፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦባት ከርማለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሲዲው ኔትወርክ አይጠይቅም፤ ጄኔሬተር ግን ይጠይቃል፣ ከዚያ ማምለጫ የለም።

ሌላው ነገር ቫይረስ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተውና ፎልደሮችን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ኢንተርኔት ካፌና ፎቶ ቤት የሚያዘወትር ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቫይረሱ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ከሲዲ የተነሳ ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ ሲዲው ላይም ራሱን ሊጽፍ አይችልም። ዊንዶውሱ አልነሳ ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው፤ ያኔ የልጆች ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ላይቭ ሲዲ ያለው ባለሙያ ግን በሲዲው አስነስቶ ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ይገለብጣል፤ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይኸው ጥቅም ሌላ ገጽ አለው። የዊንዶውስ ፓስወርድ ሲዲ ይዞ የመጣን ሰው አያግደውም፤ ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ ካልተቆለፈ ፋይሉ ሁሉ ይነበባል።

በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ኡቡንቱ 800 ሜጋባይት ገደማ ሆኖ ከሲዲ በለጠ። አዳዲስ ላፕቶፖችም የሲዲ ማስገቢያቸውን አስቀሩ፤ ሥራውን ፍላሽ ተረከበ። ፍላሽ ፈጣን ነው፣ የተሠራውንም ሥራ ለሚቀጥለው ጊዜ ሊያስቀምጥ ይችላል። ነገር ግን ፍላሽ ይጻፍበታል፤ ቫይረስ የያዘ ዊንዶውስ ላይ ከተሰካ እሱም ሊበከል ይችላል። ስለዚህ የድሮ ዴስክቶፕ የሚጠግኑ ሰዎች ያልተጫረ ሲዲ ሲያገኙ አይጥሉም፤ ከእነዚያ ማሽኖች አንዳንዶቹ ከፍላሽ መነሳት ጨርሶ አይችሉምና።