ፀሐይ ስትመለስ ማን ያያል?

በየዓመቱ ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ቀን ፀሐይ በስተደቡብ ከምትደርስበት የመጨረሻ ጥግ ደርሳ ወደ ሰሜን ትመለሳለች። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ላሉ አገሮች ይህ የዓመቱ አጭር ቀንና ረጅም ሌሊት ነው። ነገሩ የሚሆነው መሬት ከፀሐይ ስለራቀች አይደለም፤ እንዲያውም ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው ከዚህ ቀን ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይታ ነው። ምክንያቱ ዛቢያዋ 23.4 ዲግሪ ማዘንበሉ ነው። በዚህ ወቅት ሰሜኑ ፊቱን ከፀሐይ መለስ ስለሚያደርግ ብርሃኑ አዘቅዝቆ፣ ለአጭር ሰዓት ብቻ ያርፍበታል። ኢራናውያን ሌሊቱን "ያልዳ" ብለው ሮማንና ሐብሐብ እየበሉ ያነጋሉ፤ ቻይናውያንም ቀኑን ቤተሰብ ሰብስበው ያከብሩታል። የዚህ ሁሉ ምንጭ ጨለማን መፍራት ነው ሲባል እንሰማለን። ማስረጃው የሚያሳየን ግን ከፍርሃት ይልቅ ቆጠራን ነው።

ፀሐይ በተመለሰችበት ዕለት ዓይን ምንም ለውጥ አያይም። ለንደን ላይ አጭሩ ቀን ወደ 8 ሰዓት ይጠጋል፤ ማግስቱ ከዚያ የሚረዝመው በጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ፀሐይ የምትወጣበት ቦታም ለቀናት ባለበት የረጋ ይመስላል፤ ላቲኖች ለወቅቱ "የፀሐይ መቆም" የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ ቀኑን ለይቶ ለማክበር ዓመት ከዓመት አስተውሎ መመዝገብ ያስፈልጋል። በአየርላንድ የሚገኘው የኒውግሬንጅ መቃብር ከ5,000 ዓመት በፊት የተሠራ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ማይክል ኦኬሊ እ.ኤ.አ. በ1967 ፀሐይ በምትመለስበት ሰሞን ማለዳ ውስጡ ሆኖ ሲጠብቅ፣ የፀሐይ ጨረር 19 ሜትር በሚሆነው መተላለፊያ አልፎ እልፍኙን ሲያበራ አየ። ብርሃኑ የሚቆየው 17 ደቂቃ ያህል ነው።

ይህ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም ወይ? የሕንፃው አሠራር አይሆንም ይላል። መተላለፊያው ወደ ውስጥ ሽቅብ ስለሚወጣ በበሩ የሚገባ ብርሃን እልፍኙ ድረስ አይዘልቅም፤ ግንበኞቹ ከበሩ በላይ ሌላ ክፍተት የተዉት ሆን ብለው ነው። ፍርሃት አልነበረባቸውም ማለቴ አይደለም። የፈራ ሰው ግን በየትኛውም ሌሊት እሳት ያነዳል፤ አንዱን ሌሊት ከሌሎቹ የሚለይ የቆጠረ ሰው ነው።

ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ አዲስ አበባ ላይ በአጭሩና በረጅሙ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዓመቱንም የምንከፍለው በዝናብ ነው፤ ሌላው ክረምት የሚለው ይህ ወቅት ለእኛ በጋ ነው። ያም ሆኖ ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ፀሐይ በስድስት የምሥራቅ በሮች እየተመላለሰች እንደምትወጣና በአጭሩ ቀን ሌሊቱ 12፣ ቀኑ 6 ክፍል እንደሚሆን ይናገራል። የአንድ ለሁለቱ ስሌት በጥንቷ ባቢሎን የሰማይ ቀመርም ይገኛል፤ በአገራችን ሰማይ ግን አይታይም። ሊቃውንቱ በዓይናቸው ያላዩትን ቁጥር ለዘመናት ጠብቀው አቆይተዋል።

ሌላው ጥያቄ ብርዱ ከዚህ ቀን በኋላ ይብሳልና ምኑ ይከበራል የሚል ነው። በሰሜን የብሱም ባሕሩም ከሚያገኙት ሙቀት የሚያጡት ለሳምንታት ስለሚበልጥ፣ ቅዝቃዜው ከብርሃኑ ዘግይቶ ይከተላል። በዓሉ የሚከበረው ለመጣ ሙቀት ሳይሆን ለታወቀ መመለሻ ነው። እኛም ለማክበር የሰው ድግስ መዋስ አያስፈልገንም፤ የአንድ ሜትር ዘንግ ይበቃል። በዕለቱ ዘንጉን በደልዳላ ቦታ ቀጥ አድርጎ ማቆምና ጥላው እጅግ ሲያጥር ጫፉ ላይ ጠጠር ማስቀመጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥላው ወደ ሰሜን 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስቶክሆልም ያለ ወገናችን ደመናው ከገለጠለት ከ7 ሜትር ተኩል በላይ ይለካል። በማግስቱ ጥላው ከጠጠሩ ፈቀቅ ያለ አይመስልም። በወሩ፣ ጥር 13 ላይ፣ ያው የአዲስ አበባ ጥላ ከጠጠሩ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ጎድሎ ይገኛል። ይህን የሚያውቀው ግን ያን ቀን ጠጠር ያስቀመጠ ብቻ ነው።