ፕሮግራም መጫንና ማደስ፦ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በስልክ

አንድ ፕሮግራም «ተጫነ» የሚባለው ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መኖራቸውን ሲያውቅ ነው። ይህ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ፋይሎቹን ማን እንደሚያስቀምጥ፣ የት እንዳሉ ማን እንደሚመዘግብና አዲስ እትም ሲወጣ ማን እንደሚከታተል ላይ ነው።

በዊንዶውስ ይህን ኃላፊነት ለረጅም ጊዜ የያዘው ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ነው። ተጠቃሚው ከድረ ገጽ ወይም ከጓደኛ ፍላሽ ላይ መጫኛ ፋይል ያገኛል፤ ሁለቴ ክሊክ ያደርግና «ኔክስት»፣ «ኔክስት» እያለ ይጨርሳል። በየገጹ የተጻፈውን የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ማንም ያልጠየቀው የብራውዘር ተጨማሪ ብዙ ጊዜ የሚገባው አስቀድሞ ምልክት በተደረገበት ትንሽ ሣጥን በኩል ነው። በዚህ መሐል መጫኛው ዋና ፋይሎቹን «ፕሮግራም ፋይልስ» ወደሚባለው ፎልደር ይገለብጣል፤ ሬጅስትሪ በተባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ የራሱን መረጃ ይጽፋል። አንዳንድ ፋይሎችንም ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ ከሚጠቀሙበት የሲስተም ፎልደር ያስገባል። በ1990ዎቹ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ሰው ያማረረው ይህ የመጨረሻው ነው። አዲሱ ፕሮግራም ዲኤልኤል የሚባለውን የጋራ ፋይል በራሱ እትም ሲተካው፣ ትናንት ደህና ይሠራ የነበረው ሌላው ፕሮግራም አልከፈት ይላል።

ማጥፋትም ለፕሮግራሙ የተተወ ነው። አብሮት የመጣው ማራገፊያ ሥራውን በደንብ ካልሠራ ባዶ ፎልደሮችና የሬጅስትሪ ቅሪቶች ይከማቻሉ።

ማደስን በተመለከተ ዊንዶውስ ሁለት ዓለም አለው። የሲስተሙን ዝማኔ ማይክሮሶፍት ራሱ ይልካል፤ ከጥቅምት 2003 ጀምሮም ዋናው የደኅንነት ጥገና በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ይወጣል። ከውጭ የመጡት ፕሮግራሞች ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ክሮም ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ያድሳል፤ ሌላው በተከፈተ ቁጥር ይጨቀጭቃል፤ ሌላው ደግሞ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ እንደነበረ ይቀራል። ማይክሮሶፍት በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ስቶሩን፣ በኋላም ዊንጌት የተባለውን የትእዛዝ መሣሪያ ያመጣው ይህን ለማስተካከል ነው፤ የቀድሞው ልማድ ግን ገና አለቀቀም።

አፕዴት ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል ዋናክራይ በተባለው ቫይረስ ታይቷል። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ጥገና ያወጣው በመጋቢት 2017 ነበር፤ ጥቃቱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ፣ በግንቦት 12 ነው። የብሪታንያን ሆስፒታሎች ጨምሮ በበርካታ አገሮች ያሉ ኮምፒውተሮች ፋይላቸው ተቆልፎ ገንዘብ ተጠየቀባቸው። ጥገናውን የጫኑ ማሽኖች ግን ቫይረሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሻገርበት በር ተዘግቶላቸው ነበር። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ፓኬጁ እንዳያልቅበት አፕዴትን ጨርሶ ቢያጠፋ አይፈረድበትም፤ የተሻለ መላ ግን አለ። ግንኙነቱን «ሜተርድ» ብሎ መመዝገብ አብዛኛው ማውረድ ነጻ ዋይፋይ እስኪገኝ እንዲቆይ ያደርጋል። በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችም አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ እንዲቀበሉት ማድረግ ይቻላል።

የአፕል ማክ ቀለል ያለ መንገድ መርጧል። የወረደው ፋይል ሲከፈት የፕሮግራሙ አዶ ይታያል፤ ተጠቃሚው ጎትቶ «አፕሊኬሽንስ» ፎልደር ውስጥ ይጥለዋል፤ በቃ። አንድ አዶ መስሎ የሚታየው በእርግጥ ሙሉ ፎልደር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያስፈልገው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያው ውስጥ አለ። ለማጥፋትም ወደ ቅርጫት መጎተት ይበቃል፤ «ላይብረሪ» ውስጥ የሚቀሩት የቅንብር ፋይሎች ግን አብረው አይሄዱም። ጌትኪፐር የተባለው ጠባቂ ከ2012 ጀምሮ ከኢንተርኔት የወረደ ፕሮግራም የታወቀ ሠሪ ፊርማ እንዳለው ይመረምራል። በማደስ በኩል ግን ማክ ከዊንዶውስ ብዙም አይርቅም፦ ከማክ አፕ ስቶር የመጣውን ስቶሩ ያድሰዋል፤ ከሌላ ቦታ የመጣው ራሱን ያድሳል ወይም አያድስም።

ሊኑክስ ነገሩን ከሥሩ ይገለብጠዋል። በ1993 የተጀመረው ዴቢያን፣ እንዲሁም ከእሱ የተወለደው ኡቡንቱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን አዘጋጅተው ሪፖዚተሪ በሚባል የጋራ ማከማቻ ያስቀምጣሉ። ተጠቃሚው ድረ ገጽ ለድረ ገጽ አይዞርም። ቪኤልሲ የተባለውን ቪዲዮ ማጫወቻ የፈለገ ሰው «ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል ቪኤልሲ» ብሎ ይጽፋል። ኤፒቲ የተባለው መጫኛ መሣሪያ በእጁ ያለውን ዝርዝር ያያል፤ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ጥቅሎች ለይቶ ያወጣል፤ ስንት ሜጋባይት እንደሚወርድ ነግሮ ፈቃድ ይጠይቃል። የወረደው በመንገድ ላይ እንዳልተነካካ አረጋግጦ ይጭናል፤ እያንዳንዱን ፋይልም በማን ስም እንደገባ ይመዘግባል። ጀማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፦ እዚህ «አፕዴት» የሚለው ትእዛዝ ዝርዝሩን ብቻ ያድሳል፤ ፕሮግራሞቹን የሚያድሰው «አፕግሬድ» ነው።

የዚህ አሠራር ጥቅም በሚያዝያ 2014 በግልጽ ታየ። ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ውስጥ ሃርትብሊድ የሚባል አደገኛ ስህተት ሲገኝ፣ የሊኑክስ አስተዳዳሪ አንድ ጥቅል አድሶ የሚጠቀሙበትን አገልግሎቶች ሪስታርት ማድረግ በቃው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቅጂ ይዞ በሚዞርበት አሠራር ግን እያንዳንዱን ሠሪ መጠበቅ ግድ ነው። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የተረጋጋው ዴቢያን አዲስ እትም የሚያወጣው በሁለት ዓመት አካባቢ አንዴ ስለሆነ፣ በማከማቻው ያለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። ለዚህ መፍትሔ የመጡት ስናፕና ፍላትፓክ የተባሉት የጥቅል ዓይነቶች የሚያስፈልጋቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ይህም ሊኑክስን ወደ ማክ መንገድ እየጎተተው ነው።

ከማደስ በኋላ ሪስታርት የማድረግ ነገርም በዊንዶውስና በሊኑክስ የሚለያየው በምክንያት ነው። ዊንዶውስ ሥራ ላይ ያለ ፋይል በአብዛኛው እንዲተካ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ልውውጡ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይፈጸማል። ሊኑክስ ግን አሮጌውን ፋይል ለከፈተው ፕሮግራም ትቶለት አዲሱን በዚያው ስም ያስቀምጣል። ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት ሲታደስ ግን ሊኑክስም እንደ ደንቡ እንደገና መነሳት ይኖርበታል።

ስልክ ላይ የመጫን ሥራ ከሞላ ጎደል ለመደብሩ ተላልፏል። የአፕል አፕ ስቶር በሐምሌ 2008 ሲከፈት 500 ያህል አፖች ነበሩት፤ የአንድሮይዱ ገበያ በዚያው ዓመት ተከትሎ በ2012 ጉግል ፕሌይ ተባለ። አንድሮይድ ከመደብር ውጭም ይፈቅዳል፤ በቴሌግራም የሚላከው ኤፒኬ ፋይል የሚጫነው በዚህ ፈቃድ ነው። ቀድሞ በስልኩ ላይ ያለ አፕ በሌላ ቁልፍ በተፈረመ ኤፒኬ ሊታደስ ሲሞከር ስልኩ «አፑ አልተጫነም» ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አስመሳይ እትም በእውነተኛው ቦታ እንዳይገባ የሚከለክል ጥበቃ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫን ኤፒኬ ግን የሚነጻጸርበት ፊርማ ስለሌለው ይህ ጥበቃ አይደርስለትም።

የስልኩን ሲስተም ማደስ ሌላ ነው። አይፎን ከአፕል በቀጥታ ይቀበላል። የአንድሮይድ ዝማኔ ግን ከጉግል ተነስቶ በቺፕ ሠሪውና በስልክ ሠሪው በኩል ማለፍ አለበት፤ ርካሽ ስልኮች በአሮጌ እትም የሚቀሩት ከእነዚህ አንዱ ሥራውን ሲያቆም ነው። ጉግል በ2017 ትሬብል የተባለውን አደረጃጀት ያመጣው የሲስተሙን ክፍል ከቺፑ ሶፍትዌር ለይቶ ይህን ሰንሰለት ለማሳጠር ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በአንድሮይድ 7፣ የሲስተሙን ሁለት ቅጂ የመያዝ ዘዴ ገብቶ ነበር፦ ዝማኔው ሥራ ላይ ባልሆነው ቅጂ ላይ ይጻፋል፤ ስልኩ ሲነሳ ወደ እሱ ይሸጋገራል፤ አዲሱ አልነሳ ካለ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እንዲህ ባለው ስልክ ላይ ዝማኔው እየተጻፈ ባትሪ ቢያልቅ እንኳ የድሮው ሲስተም ሳይነካ ይቆያል።