እንፍራንዝ የደረሰው የኦዞን መርፌ ወሬ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ እንፍራንዝ ውስጥ፣ ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው እናት ወገባቸውን በመቀነት ሁለት ዙር ጠምጥመው ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። በርጩማው ላይ ያረፉት በአንድ ጎናቸው ነው። የዚህን ጽሑፍ አዘጋጅ ድንገት ጠሩት። «ልጄ፣ ጋዜጠኛ ነህ አሉኝ። ሮም ያለችው የእኅቴ ልጅ ወገቧን በጋዝ ወግተዋት ድና ሥራ ጀመረች። ያ መርፌ እኛ ዘንድ መቼ ነው የሚደርሰው?»

ወሬው ከሮም መምጣቱ አያስገርምም። እዚያ አረጋውያንን እያነሡ በሚያስቀምጡ ኢትዮጵያውያት ዘንድ የወገብ ሕመም የሥራው ዕዳ ነው፤ ያን ጋዝ፣ ኦዞንን፣ ለወገብ መርፌ በማዋል የቀደሙትም የጣሊያን ሐኪሞች ናቸው።

ኦዞን ሦስት የኦክስጅን አቶሞች የተጣመሩበት ጋዝ ነው። ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሾንባይን የተባለ ኬሚስት በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ለይቶ ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ ነበር። የፈረንሳይዋ ኒስ ከ1906 ጀምሮ የመጠጥ ውኃዋን አከመችበት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወታደሮች ቁስል ታጠበበት። በ1980ዎቹ ጣሊያናዊው ቬርጋ በወገብ ጡንቻ ወጋው፤ ከዚያም ሙቶና ባልደረቦቹ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ወዳለው ትራስ፣ በቀጥታ ወደ ዲስኩ አስገቡት።

እንፍራንዝስ የሩቅ አገር ሐኪም ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሻርል ዣክ ፖንሴ እዚህም ደርሷል፤ በጉዞ ማስታወሻውም የከተማዋን ውበት አንሥቷል። 

የኦዞን ሕክምናው ሲሠራ ታማሚው በሆዱ ይተኛል፤ ቆዳው ይደነዝዛል። ሐኪሙ በሲቲ ስካን ወይም በሚንቀሳቀስ ራጅ እያየ ቀጭን ረጅም መርፌ ከጎን አስገብቶ የተንሸራተተው ዲስክ መሐል ያደርሳል። አጠገቡ ያለው መሣሪያ ከሕክምና ኦክስጅን በከፍተኛ ቮልቴጅ ኦዞኑን እዚያው ያመርታል፤ ጋዙ ቶሎ ስለሚፈራርስ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አይደለም። የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 30 ማይክሮ ግራም ገደማ ኦዞን ይኖራል። ይኸው የዲስኩን ዝልግልግ ውስጥ አድርቆ ያኮማትረዋል፤ ነርቩ ላይ ያረፈው ጫና ይቀንሳል፣ ብግነቱም ይበርዳል።

ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። አንድሬውላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት፣ 600 ታማሚዎችን በያዘ የጣሊያን ጥናት ኦዞን ብቻ ከተወጉት 70 በመቶ፣ ኮርቲዞንና ማደንዘዣ ከተጨመረላቸው ደግሞ 78 በመቶ ገደማ ተሽሏቸዋል። ኦዞንን ከቀዶ ሕክምና ጋር ያነጻጸረው የ2022 ጥናት 49 ሰዎችን ብቻ ቢይዝም፣ መርፌውን ከወሰዱት 71 በመቶው በስድስት ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም።

ሁለቱም ጥናቶች ግን የሚናገሩት ነርቭ ስለተጫነ ዲስክ ነው፤ ስለ ወገብ ሕመም ሁሉ አይደለም። በዓለም ላይ በ2020 የታችኛው ወገብ ሕመም የነበረባቸው 619 ሚሊዮን ሰዎች ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ የአብዛኞቹ ሕመም ከዲስክ አይደለም። የዲስክ የሆነውም ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ መርፌ ይሻላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለ፦ የአከርካሪ ቲቢ። ላብና ክብደት መቀነስ ያለበትን የወገብ ሕመም ሳይመረምሩ መውጋት ሰውን ማጥፋት ነው።

እናቲቱ የሕመማቸውን ታሪክ ያውቁታል። «በልጅነቴ እንስራ፣ በትዳሬ ጀሪካን፣ በክረምት አረም፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅ ማዘል። ይቺ ወገብ መቼ አረፈች?» ዋግምት ተተክለዋል፣ ወጌሻ አሽቷቸዋል፣ ጠበል ተጠምቀዋል። «ጠበሉ ልቤን አሳረፈው። ወገቤ ግን ጎንበስ ስል ይይዘኛል፤ ቀና ስል ይለቀኛል።» እግራቸው ድረስ ይወርድ እንደሆነ ሲጠየቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግሬማ ደህና ነው። እግሬ ባይኖርማ ማን ገበያ ያደርሰኝ ነበር?» ይህ አነጋገር የሚመስለው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ቁርጡን የሚናገረው ግን ምርመራ ነው።

ኦዞን ለመውጋት ፈቃድ የሚሰጠው በምን መመዘኛ እንደሆነ የተጠየቁ አንድ ኃላፊ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በደብዳቤ ይምጡ» ብለው ስልኩን ዘጉ፤ ለደብዳቤውም መልስ አልሰጡም። ጥያቄው ከባድ አልነበረም፤ ያለ ምክንያትም አልተነሣም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደንብ ኦዞንን የታወቀ የሕክምና ጥቅም የሌለው መርዛማ ጋዝ ይለዋል፤ ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ከመርፌው በኋላ በደም መመረዝ የሞተ ታማሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ያለ ምስል በግምት የሚወጋ ሰው ቢመጣ ማን ያስቆመዋል?

ከመርፌው ሌላ መንገድም ቅርብ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም የአካል እንቅስቃሴን ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶን አልመከረም።  ከውድ መሣሪያ በፊት አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንፍራንዝ ጤና ጣቢያ ቢመደብ ለእኒህ እናት የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

መርፌውን እንስጥዎ የሚል ካለ፣ ዲስክዎ በኤም አር አይ ታይቶ እንደሆነና መርፌው በየትኛው ምስል እየተመራ እንደሚገባ ይጠይቁት። እግርዎ ከሰነፈ፣ በጭንዎ መሐል ከደነዘዘዎ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ ግን ወጌሻም ኦዞንም ሳይሉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።